ሰሃኑን ማን አጠበው? ስለ ኢሎኢሎ ልጅነት

እንደምን አመሻችሁ። መቀመጫ ያጣችሁ ልጆች እዚህ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ፤ ዛሬ ፕሮቶኮል የለም።

አዘጋጆቹ «ስለ ስደት ትዝታ አውሪልን» ብለው ነው የጠሩኝ። የእኔን ዓይነት ትዝታ ግን ታውቁታላችሁ። ኤጀንሲው፣ ኤርፖርቱ፣ ማዳሟ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ... ከእህቶቻችሁ ሰምታችሁታል፣ አንዳንዶቻችሁም ኖራችሁታል። ስለዚህ የሌላ ሰው ትዝታ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ዱባይ ሳትዋ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይቼ ስኖር፣ አንዷ ከአልጋዬ በላይ አንዷ ከጎኔ የሚተኙ ሁለት የፊሊፒንስ ሴቶች ነበሩ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ወሬያቸው ስለ አንዲት ከተማ ብቻ ነው። ኢሎኢሎ። ስለዚያች ከተማ ስሰማ ስሰማ ኖሬ፣ በመጨረሻ ሄጄም አየኋት።

አንድ ነገር ልበልና ልጀምር። ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ ነው፣ እንዳታምታቱብኝ።

መጀመሪያ ሴቶቹን ላስተዋውቃችሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ ሳላስፈቅዳቸው ነው የማወራው። ትልቋ ሃሮ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ናት። አባቷ መርከብ ላይ መካኒክ ነበር። ሁላችንም «ማናንግ» እንላት ነበር፤ እነሱ ዘንድ ታላቅ እህት የምትጠራው እንደዚያ ነው። ትንሿ ከአንቲኬ ተራሮች ናት። አንቲኬ እዚያው ደሴት ላይ፣ በምዕራብ በኩል ያለ ክፍለ ሀገር ነው። እሷ ኢሎኢሎን ያወቀቻት በልጅነቷ ለቤት ሠራተኛነት መጥታ ነው። የሠራችው ማናንግ ቤት አይደለም። ግን እዚያው ሃሮ፣ ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ። ሁለቱ እዚያ ሳሉ አይተዋወቁም። ዱባይ ግን ሁለቱንም የሰው ቤት አጽጂ አድርጋ አንድ ክፍል ውስጥ አስተኛቻቸው።

ኢሎኢሎ ፓናይ የምትባል ደሴት ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ 457,626 ሰው ይኖርባት ነበር። ማኒላ አይደለችም፣ ገጠርም አይደለችም። ሃሮ፣ ሞሎ፣ ላ ፓዝ፣ ማንዱሪያዎ፣ አሬቫሎ የሚባሉት ሰፈሮቿ ድሮ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ነበሩ። ለዚህ ነው እያንዳንዱ የራሱ አደባባይና የራሱ ቤተክርስቲያን ያለው፣ የራሱ ኩራትም እንዲሁ። የሞሎ ሰው ስለ ሃሮ ሰው ሲያወራ ብትሰሙ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ነው የሚመስላችሁ።

ቋንቋቸው ሂሊጋይኖን ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ መጨረሻ ላይ ሳብ ይላል። የሌላ አካባቢ ፊሊፒኖዎች «የኢሎኢሎ ሰው ሲቆጣም የሚያባብል ይመስላል» እያሉ ያሾፉባቸዋል። እውነት ነው። ማናንግ እኔን ስትቆጣኝ እንቅልፌ ይመጣ ነበር።

እንግዲህ የማናንግን ኢሎኢሎ ላሳያችሁ። ጊዜው የ1970ዎቹ መጨረሻና የ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጠዋት ዳቦ ቤት ትላካለች። ፓንዴሳል የሚባል ትንሽ ትኩስ ዳቦ አለ፣ በቡናማ ወረቀት ከረጢት ተጠቅልሎ ይሰጣታል። መንገድ ላይ አንዱን ትበላለች፣ ቤት ስትደርስ እናቷ ቆጥራ ታውቅባታለች። ይሄ በየቀኑ ነው።

ከዚያ ሱቁ አለ። የፊሊፒንስ ሰፈር ሱቅ ማለት መስኮቱ በሽቦ ወይም በብረት የታጠረ የአንድ ሰው ሳሎን ነው። ሁሉም ነገር በፍሬ ይሸጣል። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይደለም፣ አንድ ፍሬ ከራሱ ተላቆ። አንድ ሲጋራ። ለአንድ መጥበሻ የሚሆን ዘይት በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ። ለስላሳ ከፈለግሽ ጠርሙሱን ስለማይሰጡሽ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገለብጡትና ስትሮ ሰክተው ይሰጡሻል። አንገቱን በእጅሽ ጨብጠሽ እየጠጣሽ ትሄጃለሽ። ማናንግ ይህን ስታወራ እጇን ራሱ ትጨብጥ ነበር፣ በጨለማ አልጋዋ ላይ ሆና። ዱቤ ደብተሩ መስኮቱ አጠገብ ተንጠልጥሏል፣ የማን አባት ገንዘብ እንዳልላከ ሰፈሩ ሁሉ ያነበዋል።

ወንዶቹ ሸረሪት ያጋጥሙ ነበር። ልክ ነው የሰማችሁት፣ ሸረሪት። ከቁጥቋጦ ይዘው የክብሪት ቀፎ ውስጥ በካርቶን ክፍል ክፍል ሠርተው፣ ለእያንዳንዱ ሸረሪት አንድ ክፍል ሰጥተው ያኖሩታል። ከዚያ በኮኮናት ቅጠል እንጨት ጫፍና ጫፍ ሁለት ሸረሪት ይለቃሉ። መሐል ላይ ይገናኛሉ። ያሸነፈው የተሸነፈውን በድሩ ይጠቀልለዋል። ማናንግ ሴት ስለሆነች አይፈቀድላትም ነበር። እሷ ግን የክፍሏ ወንዶች ያልነበራቸውን ሸረሪት በትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ኪስ ይዛ ትዞር እንደነበር እስከዛሬ በኩራት ታወራለች።

ቴሌቪዥን ላይ የጃፓን የሮቦት ካርቱን ነበር። አገሩ ሁሉ ልጅ የሚያብድለት። በ1979 የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ብቻ ሲቀሩት የፕሬዚዳንት ማርኮስ መንግሥት ለልጆች አይሆንም ብሎ ከለከለው። ልጅ ሆነሽ አስቢው፤ ሮቦቱ ያሸንፍ ይሸነፍ ሳታውቂ ነው የቀረሽው። ማናንግ ስለ ወታደራዊ አስተዳደሩ የምታስታውሰው ነገር በቃ ይሄ ነው። ከ1972 ጀምሮ ሰው ሲታሰር፣ ሲጠፋ፣ ጋዜጣ ሲዘጋ የነበረው ሁሉ አልፎ፣ እሷ ማርኮስን ይቅር ያላለችው በካርቱኑ ነው። ስቄባታለሁ። በኋላ ግን ደርግን በልጅነት ዓይኑ የሚያስታውስ ዘመድ ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

ጂፕኒውን መዝለል አልችልም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር ትቷቸው የሄደውን ጂፖች አስረዝመው የሠሩት የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ሁለት አግዳሚ፣ ፊት ለፊት የሚተያይ መቀመጫ። በሩ ከኋላ ነው። የኢሎኢሎዎቹ ከማኒላዎቹ ይለያሉ፣ ዝቅ ብለው አፍንጫቸው የቤት መኪና የሚመስል። አብዛኛውን ጊዜ ረዳት የለም። ሂሳቡን ለጎረቤትሽ ትሰጫለሽ፣ እሱ ለቀጣዩ፣ እንዲህ እያለ ሾፌሩ ይደርሳል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ስሄድ ሞክሬዋለሁ። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች በእጃቸው ገንዘቤን ተቀባበሉት፣ መልሴም ሳይጎድል መጣ። መውረድ ስትፈልጊ «ሳ ሉጋር ላንግ» ትያለሽ። ወራጅ አለ ማለት ነው። እኔ በአማርኛ ብጮህም የሚያቆሙልኝ ይመስለኛል፣ ድምፄ ትልቅ ነው።

ምግቡ ጋ ስንደርስ ግን ማናንግ ትነሳና ትቀመጥ ነበር። ባትቾይ። የላ ፓዝ ገበያ ሾርባ ነው። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ፓስታ መሳይ ኑድል ይገባል። ላዩ ላይ ጉበት፣ አንጀት፣ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ። የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል ሽንኩርት፣ ተጠብሶ የተሰባበረ የአሳማ ቆዳ። አንዳንዱ ጥሬ እንቁላል ይሰብርበታል። ከዚያ ለረጅም ሰዓት አጥንት ሲፈላበት የዋለ መረቅ እየፈላ ይገለበጥበታል። ዋናው ወግ ግን መረቁ ካለቀብሽ ሳህንሽን ታነሺና ይጨምሩልሻል። በነፃ። ማናንግና ጓደኞቿ አንድ ሳህን ገዝተው መረቁን እያስጨመሩ ለሦስት ይበሉት ነበር። ባለቤቱ እያየ፣ እያወቀ።

እኔ ባትቾይ አልበላሁም። አሳማ ነዋ። ላ ፓዝ ገበያ ድረስ ሄጄ፣ ሽታው አፍንጫዬን ይዞ እየጎተተኝ፣ ቡና አዝዤ ቁጭ አልኩ። ቡናው በረጅም የጨርቅ ማጥለያ ተጠልሎ ነው የሚቀዳው፣ ጥቁርና ወፍራም። ጥሩ ነው። እንደኛው ነው ብዬ አልዋሽም፣ ግን ጥሩ ነው። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ከኢትዮጵያ እንደመጣሁ ሲሰማ ወደ ሲኒዬ እያየ ፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ ፍርዴን ይጠብቅ ነበር።

ግንቦትና ሚያዝያ የማንጎ ነው። ከከተማው ፊት ለፊት ጊማራስ የምትባል ደሴት አለች፣ በሞተር ጀልባ እልፍ ስትዪ ትደርሻለሽ። ማንጎዋ በጣፋጭነቱ የታወቀ ነው። ተባይ እንዳይገባባቸው ከሌላ ቦታ ማንጎ ወደ ደሴቷ ማስገባት ክልክል ነው። ምግባቸውን እንደ ቁም ነገር ነው የሚይዙት ማለቴ ነው። በ2023 ዩኔስኮ ኢሎኢሎን የምግብ ጥበብ ከተማ ብሎ መዘገባት፣ ከፊሊፒንስ የመጀመሪያዋ። ማናንግ ዜናውን በስልክ ላከችልኝ። ከሥሩ «አሁን ነው የገባቸው?» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሃሮ በዓል። ፌብሩዋሪ 2 ቀን የሚከበር የሻማዋ እመቤታችን በዓል ነው፣ ካንደላሪያ ይሏታል። የድንግል ማርያም የድንጋይ ሐውልት የሃሮ ካቴድራል ፊት ላይ ከበሩ በላይ ቆማለች፣ በደረጃ ወጥተው ይሳለሟታል። ሰዉ ሐውልቷ በየዓመቱ ታድጋለች ብሎ ያምናል። በ1981 ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ራሳቸው መጥተው ዘውድ ጫኑላት። ማናንግ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ትከሻ ላይ ተሸክመዋት ነጭ ልብስ ብቻ እንዳየች ታወራለች። የደወሉ ግንብ ከቤተክርስቲያኑ ተለይቶ መንገዱን ተሻግሮ አደባባዩ ውስጥ ነው ያለው። በ1948 የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር።

በዚያ ቀን ሃሮ ውስጥ በር አይዘጋም። ጠረጴዛው ይሞላል፣ የገባ ሁሉ ይበላል። ዘመድ፣ የዘመድ ጓደኛ፣ የጓደኛው ሾፌር። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ሁለቴ በልቶ፣ ለቤቱ ቋጥሮ፣ አመስግኖ ይሄዳል። ማናንግ በዚህ ወሬ መጨረሻ ሁሌ የምትለው አንድ ነገር አለ። «ኢሎኢሎ ውስጥ የተራበ ሰው አልነበረም» ትላለች። ደግማ ደጋግማ። እኔም አምኜ እተኛ ነበር።

አንድ ማታ የአንቲኬዋ ልጅ ከጎኔ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ማናንግ፣ ሰሃኑን ግን ማን ያጥብ ነበር?» አለቻት።

ዝም ተባለ። ኤሲው ብቻ ነበር የሚሰማው።

ከዚያ የራሷን የሃሮ በዓል ነገረችን። ከዋዜማው በፊት ጀምሮ አሳማ ይታረዳል፣ አንጀት ማጠብ የእሷ ነው። በበዓሉ ቀን ጓሮ የእጅ ፓምፑ ሥር ቁጭ ትላለች። ሰሃን ይመጣል፣ ታጥቦ ይሄዳል፣ ይመጣል። ያኔ ቤቱ በቂ ሰሃን ስለሌለው አንዱ እንግዳ የበላበት ለቀጣዩ እንዲደርስ መፍጠን አለባት። ሰልፉ ሲያልፍ የማርሽ ባንዱን ሰምታለች፣ ሐውልቷን አላየችም። የበዓሉን ምግብ የበላችው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ቀዝቅዞ። ስትመጣ የማታ ትምህርት ቤት እናስገባሻለን ብለዋት ነበር። አላስገቧትም።

አባቷ ለምን ላካት? ይሄ ጋ ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ልጎትተው፣ አሰልቺ ከሆነ እጃችሁን አውጡ። ድሮ ኢሎኢሎ የሸማኔ ከተማ ነበረች። የአናናስ ቅጠል ጭረት ሳይቀር ፈትለው የሚሸምኑ ሴቶች አገር። በ1855 ስፔኖች ወደቧን ለውጭ ንግድ ከፈቱት። በ1856 ኒኮላስ ሎኒ የሚባል እንግሊዛዊ ምክትል ቆንስል መጣ። የእንግሊዝ ፋብሪካ ጨርቅ በርካሽ ገባ፣ ሽመናው ተዳከመ። መርከቦቹ ሲመለሱ ደግሞ ስኳር ይጫን ተባለ። ገንዘብ ያለው ሁሉ ባሕሩን ተሻግሮ ኔግሮስ ደሴት ላይ ሸንኮራ ተከለ፣ ትርፉን ይዞ መጥቶ ሃሮና ሞሎ ላይ ቪላ ሠራ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳባቸው ቪላዎች እነሱ ናቸው። የወደቡ ዳርም በሎኒ ስም ይጠራል፣ ሐውልትም አለው። የሸማኔዎቹ ሴቶች ሐውልት ይኖር ይሆን ብዬ ዓይኔን ጣል አድርጌ ነበር፤ እኔ በሄድኩበት መንገድ አላጋጠመኝም።

ሸንኮራውን የሚቆርጠው ማን ነው? የአንቲኬ ገበሬ ነዋ። በመኸር ወቅት ተሰብስቦ በጀልባ ይወሰዳል፣ ሳካዳ ይሏቸዋል። የልጅቷ አባት ሳካዳ ነበር። የሚቀጥራቸው ደላላ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል፣ ያችን ዕዳ ለመክፈል ወቅቱ ያልቃል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የዓለም የስኳር ዋጋ ሲወድቅ ኔግሮስ ላይ ረሃብ ገባ፣ ሕፃናት በምግብ እጥረት ሆስፒታል ሞሉ። ዘመኑን ልብ በሉ። እኛም ዘንድ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነበር። የእኛን ረሃብ ዓለም አየው፣ የእነሱን ብዙ ሰው አላየውም። ልጅቷ በዚያ ጊዜ ነው ወደ ሃሮ የተላከችው። እዚያ ቢያንስ ትበላለች ተብሎ።

እና «የተራበ ሰው አልነበረም» የሚለው ወሬ ከጓሮ ሲታይ እንዲህ ነው።

ማናንግ ውሸታም አይደለችም። ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት ይህን ሳወራ አንዳንድ ሰው ወዲያው ፍርድ ይሰጣል። ያየችውን ነው የተናገረችው። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰዉ ይበላ ነበር። ግን ልጅ የሚያየው ጠረጴዛውን ነው። ያን ማታ የእነሱ ቤት ሰሃን የምታጥበውን ልጅ ስም ለማስታወስ ሞከረች። የውሻቸውን ስም አስታወሰች፣ የሸረሪቷን ስም አስታወሰች፣ እሷን ግን አጣቻት። ጠዋት ለእናቷ ደወለች። አሮጊቷ ሳያመነቱ ስሟን ተናገሩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው እየጠቆምኩ አይደለም፣ አትፍሩ። ግን አንዳንዶቻችሁ ቀና ያላችሁትን አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ወገን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የአንቲኬዋ ልጅ ትዝታ ሁሉ ምሬት ከመሰላችሁ አላወቃችኋትም። ከሁለቱ አብልጣ ኢሎኢሎን የምትወደው እሷ ናት። ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ይተኛል። ያን ሰዓት እሷ ልብስ ትተኩሳለች። የከሰል ካውያ ነው፣ የእኛው ዓይነት። ካውያው እንዳይዝ የሙዝ ቅጠል ታነጥፍና የጋለውን ብረት ትጎትትበታለች። ቅጠሉ ይጮሃል፣ ሰሙ ይቀልጣል፣ ካውያው ይለሰልሳል፣ ልብሱም ያን ጠረን ይይዛል። በዚያው ሰዓት ሬዲዮ ላይ በሂሊጋይኖን ተከታታይ ድራማ አለ። የጎረቤት ቤት ሠራተኛም ያንኑ ጣቢያ ከፍታለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለችውም። ሰፈሩ ተኝቶ ሠራተኞቹ ብቻ ነቅተው፣ ከጓሮ ጓሮ አንድ ድራማ ነው የሚሰማው። ባልየው ሲከዳ በአጥር ላይ ይሰዳደቡለታል። አለቃ የሌለበት ሰዓት እሱ ነበር። ዱባይ ያለችበት ቤት ውስጥ የሙዝ ቅጠል አግኝታ በኤሌክትሪክ ካውያ ሞክራው ማዳሟ ልታብድ ነበር።

ማናንግ ይህን ድራማ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ያን ሰዓት ተኝታ ነበርና።

ሰዉ ከዚያች ከተማ እንዴት እንደሚወጣም ላንሳ። ድሮ ማኒላ የሚኬደው በመርከብ ነው፣ አንድ ቀን ገደማ ይወስዳል። የከፈለ ካቢን አለው፣ ያልከፈለ ክፍት ወለሉ ላይ ተደርድሮ ተጣጣፊ አልጋ ላይ ያድራል። ከ1948 ጀምሮ ከተማው የባሕረኛ ትምህርት ቤት አለው። የዓለም መርከቦች ላይ የኢሎኢሎ ሰው የማታጡት ለዚህ ነው። ከዚያ በ1974 የማርኮስ መንግሥት ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክን በሕግ አቋቋመው። ከሽመና ወደ ስኳር፣ ከስኳር ወደ ሰው። የማናንግ አባት ስልክ ስላልነበረ በካሴት ድምፁን ቀድቶ ይልክ ነበር። እናቷ ልጆቹን ሰብስባ ታሰማቸዋለች፣ መሐል ላይ ለእሷ ብቻ የሆነ ነገር ሲመጣ ቶሎ ታጠፋዋለች። ከእናንተ ውስጥ ጂዳ ወይ ሮም የነበረ ዘመድ የላከው ካሴት ቤቱ ያለ ሰው አለ? ይኸው እጆች አሉ።

አንድ ቅናቴን ልናገር። በ2006 መጨረሻ የፊሊፒንስ መንግሥት ለቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 400 ዶላር እንዲሆን ወሰነ። ወረቀት ላይ ነው፣ ሁሉም አይከፍልም። ግን ወረቀቱ ራሱ ነበራቸው። እኔ ያንኑ ሥራ ሠርቼ የማገኘውን አልነግራችሁም፣ እናቴ እዚህ ተቀምጣለች።

ስሄድ ጃንዋሪ መጨረሻ ስለነበር ዲናግያንግንም አየሁ። በጃንዋሪ አራተኛው እሑድ ላይ ለሕፃኑ ኢየሱስ የሚደረግ የጎዳና በዓል ነው። ሥሩ 1968 ነው፣ ከሴቡ ደሴት የሕፃኑ ኢየሱስ ሐውልት ቅጂ ወደ ሳን ሆሴ ቤተክርስቲያን ሲመጣ። ስሙን ያገኘው በ1977 ነው። ከበሮው ደረትሽ ውስጥ ነው የሚመታው። ሰዉ «ሃላ ቢራ!» ይላል። ወጣቶቹ ሰውነታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ላባ ደፍተው ይጨፍራሉ። የሚመስሉት አቲ የሚባሉትን የደሴቷን ቀደምት ሰዎች ነው፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ጸጉራቸው ጥቅልል የሆነ። በአፈ ታሪካቸው ከቦርኒዮ ደሴት የመጡ መሳፍንት ሜዳውን ከአቲዎች በወርቅ ቆብ ገዙት ይባላል። እኔ መቼም ጥቁር ነኝ፣ ሳልቀባ የመጣሁ። ልጆች ፎቶ አብረን እንነሳ አሉኝ፣ ተነሳሁ። ጭፈራው ደግሞ አፍ የሚያስከፍት ነው፣ አልክድም። ግን ከዚያው ጎዳና ጥግ፣ ሰልፉን ከሚያየው ሰው ኋላ፣ እውነተኛ የአቲ ሴት ልጇን አቅፋ ሥራሥርና ቅጠል መድኃኒት ትሸጥ ነበር። ማንም ፎቶ አልጠየቃትም። እኔም ቋንቋ የለኝም፣ አንድ እሽግ ሥር ገዛኋት። እስከዛሬ ለምን እንደሚሆን አላወቅሁም፣ እቤት አለ።

ማናንግና የአንቲኬዋ ልጅ በዚያ ጉዞ አብረውኝ ነበሩ፣ ሁለቱም ለእረፍት ገብተው። ከተማዋን እያሳዩኝ ይጣሉ ነበር። ማንዱሪያዎ ያለው አሮጌው ኤርፖርት በ2007 ተዘግቶ አዲሱ ከከተማ ውጭ ተሠርቷል። የድሮው ማኮብኮቢያ ዛሬ ፎቅና ሞል ነው። ማናንግ አባቷን የምትቀበልበት አጥር የት ጋ እንደነበር ፈልጋ ጠፋትና ተናደደች። ድሮ የሚሸተው ወንዝ ዳር ከ2012 ወዲህ የተነጠፈ መናፈሻ ሆኗል፣ ሰው ማታ ይሮጥበታል። ይሄንን ማናንግ ወደደችው። የአንቲኬዋ ደግሞ «ድሮ እዚህ ልብስ አጥቤያለሁ፣ አሁን ጫማ አድርጌ ልራመድ» ብላ ወዲህና ወዲያ ተመላለሰችበት። ጫማዋ አዲስ ነበር፣ ተረከዟን ልጦት በመጨረሻ በእጇ ይዛው ሄደች።

በፌብሩዋሪ 2 ማናንግ ቤት ተጋበዝን። በሩ ክፍት ነው፣ እንደተባለው። ጠረጴዛው ሙሉ ነው። ብዙ ቤቶች ዛሬ ምግቡን ከውጭ ያዝዛሉ፣ ሰሃኑም የወረቀት ነው። የአንቲኬዋ ልጅ ሳሎን እንግዳ ሆና ተቀመጠች። አስር ደቂቃ እንኳ አልቆየችም፣ ተነስታ ጓዳ ገባች። የማናንግ እናት ከኋላዋ ተከትለው ሄደው በክንዷ ይዘው መለሷት። ሁለተኛ ስትሄድም መለሷት። ሦስተኛው ላይ ተዋት፣ እሳቸውም ወንበር ስበው አጠገቧ ቁጭ አሉና ወሬ ያዙ።

የአንቲኬዋ ልጅ አሁን ሴት ልጇን እዚያው ሃሮ ነርሲንግ እያስተማረች ነው። ልጅቷ ተማሪዎች የሚከራዩት ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው። የእሷ ኢሎኢሎ የገበያ ሞሉ፣ የወንዙ ዳር፣ በስልክ የሚታዘዘው ምሳ ነው። ባትቾይ እንኳ በሞተር ያመጡላታል፣ መረቁ ለብቻው በላስቲክ ተቋጥሮ። «መረቅ ጭማሪ ስንት ነው?» ብላ ደውላ እንደጠየቀች ማናንግ ሰምታ አንድ ቀን ሙሉ ተበሳጭታ ዋለች። ልጅቷ ስትመረቅ ጀርመን ልትሄድ ቋንቋውን ጀምራለች። እናቷ አትሂጂም ሂጂም አላለችም፣ ለቋንቋው ትምህርት ትከፍላለች።

እሺ፣ ጥያቄ። አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ እጅሽን ካነሳሽ ቆየሽ። ስለ ሸረሪቱ ከሆነ ሰው የሚጎዳ መርዝ የለውም ብለውኛል።